ቃሉን ሳይጨርስ የተነሣ እስክሪብቶ፦ የአንድ ላፕቶፕ ባዮስ ቺፕ ጥገና የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ማሻሻያ ሲጫንበት ኃይል ተቋርጦበት መነሣት ያቃተውን አንድ ላፕቶፕ ይመለከታል። ማሽኑ የሂሳብ ሥራ የሚሠሩ የአንዲት ባለሙያ ንብረት ነው። ማሻሻያውን ያስጀመሩት ከአምራቹ ያወረዱትን ፋይል በፍላሽ ዲስክ ይዘው፣ ከባዮሱ ከራሱ ማውጫ ገብተው ነበር። ቻርጀሩ ተሰክቷል፤ ባትሪውም ከግማሽ በላይ እንዳለው ያሳይ ነበር። ይሁን እንጂ ባትሪው ያረጀ ስለነበር በስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥርና በእርግጥ መሸከም የሚችለው ጭነት አይገናኙም ነበርና፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ለአፍታ እንኳ ሳይቆይ አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ማብሪያው ሲጫን መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ጥቂት ሰከንድ ይዞራል፣ ይጠፋል፣ በራሱም እንደገና ይነሣል፤ ስክሪኑ ላይ ግን አንዳች ነገር አይታይም።

ብልሽቱ በራሱ አዲስ አይደለም። ጉዳዩን በዝርዝር እንድጽፈው ያደረገኝ የማሽኑ ባለቤት ገና ሲያስረክቡኝ የተናገሩት ነው፦ «ማሽኑ ባይነሣም ግድ የለኝም፤ የሦስት ዓመት ሥራዬን ብቻ አውጣልኝ።» ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ፋይሎቹ ያሉበትን ዲስክ፣ ኤስኤስዲውን፣ አውጥቼ በሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት። ዲስኩ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር፣ የተቆለፈ ሆኖ ተገኘ፤ ለመክፈትም 48 አሃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁጥር ጠየቀ። ማሽኑን መጀመሪያ ያዘጋጀላቸው ሰው ዲስኩን ቆልፎት ኖሮ ቁጥሩን የት እንዳኖረው አያውቁም፤ መቆለፉንም የሰሙት ያን ዕለት ነው።

በዚህ ጊዜ ጉዳዩ መልኩን ለወጠ። ቢትሎከር በየዕለቱ ቁጥር ሳይጠይቅ የሚከፈተው ቁልፉን የሚፈታለት ቲፒኤም የተባለ ቁልፍ ጠባቂ ስላለ ነው፤ በዚህ ማሽን ላይ ደግሞ ቲፒኤሙ ራሱን የቻለ ቺፕ ሳይሆን በኢንቴል ማኔጅመንት ኤንጂን (ከዋናው ፕሮሰሰር ተለይቶ በቦርዱ ላይ በሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር) ውስጥ የሚሠራ ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፕ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም፣ ሲሆን፣ መረጃውን የሚያኖረው ባዮሱ በተጻፈበት በዚያው ቺፕ ላይ ነው። እንግዲህ የተበላሸው ቺፕ ማሽኑን የሚያስነሣው ብቻ ሳይሆን ዲስኩን የሚከፍተውም ሆነ ማለት ነው። እሱን በግድየለሽነት አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ማሽኑን አድኖ ሥራቸውን ለዘለዓለም መቆለፍ ነበር።

ቺፑ ላይ የሰፈረው

በዚህ ቦርድ ላይ ያለው ቺፕ ስምንት እግር ያለው፣ ከጣት ጥፍር የሚያንስ ዊንቦንድ 25ኪው128ኤፍቪ ነው። 128 ሜጋቢት፣ ማለትም 16 ሜጋባይት፣ በትክክል ሲቆጠር 16,777,216 ባይት ይይዛል፤ የሚሠራውም ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ባለው ኃይል ነው። የዚህ ዓይነት ቺፕ ጠባይ ካልታወቀ በኋላ የምተርከው አይገባም። ማጥፋትና መጻፍ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ማጥፋት ቢቶቹን ሁሉ ወደ 1 መመለስ ነው፤ ስለዚህ የጠፋ ቦታ ሲነበብ እያንዳንዱ ባይት ኤፍኤፍ ሆኖ ይታያል። መጻፍ ደግሞ 1 የነበረውን ወደ 0 ማውረድ ብቻ ነው፤ 0 የሆነውን ወደ 1 ለመመለስ ክፍሉን በሙሉ ከማጥፋት በቀር መንገድ የለም። ማጥፋቱ ሲያንስ በ4፣ ሲበዛ በ32 ወይም በ64 ኪሎባይት ክፍል ይከናወናል፤ መጻፉ ግን 256 ባይት በሚይዝ ገጽ፣ ገጽ በገጽ ነው።

ይዘቱም አንድ ወጥ አይደለም። በዚህ ማሽን ላይ የመጀመሪያዎቹ 4 ኪሎባይት መግለጫ ናቸው፤ ሌሎቹ ክፍሎች ከየት እስከ የት እንደሆኑና ማን ሊያነብባቸው፣ ማን ሊጽፍባቸው እንደሚችል የሚደነግጉት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ያለው 8 ኪሎባይት የኔትወርክ ክፍል ሲሆን የማክ አድራሻው (የማሽኑ የኔትወርክ መለያ) እዚያ ይገኛል። ከዚያ እስከ 6ኛው ሜጋባይት ድረስ የማኔጅመንት ኤንጂኑ ክፍል ነው፤ የቲፒኤሙም መረጃ በዚያ ውስጥ፣ ከዚህ ቦርድ ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌሎቹ ክፍሎች ከሚያገናኘው ቺፕ) ጋር ተሳስሮ ተቀምጧል። የቀሩት 10 ሜጋባይቶች ባዮስ የምንለው ናቸው። በእነሱም ውስጥ ቢሆን ሁሉም የአምራቹ ኮድ አይደለም፤ የማስነሻ ቅደም ተከተሉ፣ የሴኪዩር ቡት (ማሽኑ የተፈረመ ሶፍትዌር ብቻ እንዲያስነሣ የሚያደርገው ጥበቃ) ቁልፎቹ፣ የማሽኑ ተከታታይ ቁጥር፣ በፋብሪካ የገባው 25 ፊደልና ቁጥር ያለው የዊንዶውስ ቁልፍ ሁሉ እዚያው አሉ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንድ ነገር ለመለየት ነው። ከአምራቹ ፋይል መልሶ ማግኘት የሚቻለው ኮዱን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ በዓለም ላይ ያለው በዚህ በአንድ ቺፕ ላይ ነው።

ባልደረባዬ ማሽኑን እንዳየ ያቀረበው ሐሳብ በሙያው ውስጥ የተለመደውን ነበር። «ከዚሁ ሞዴል የተነበበ ዝግጁ ፋይል ፈልገን በላዩ ላይ እንጻፍና በአሥር ደቂቃ እናስነሣው» አለኝ። አልተሳሳተም፤ በዚህ መንገድ ማሽን ይነሣል። የሚነሣው ግን የሌላ ማሽን ተከታታይ ቁጥር፣ የሌላ ማሽን ማክ አድራሻና የሌላ ማሽን ማኔጅመንት ኤንጂን ይዞ ነው። ከሌላ ቦርድ የመጣ የኤንጂን ክፍል ፋኑን ያለማቋረጥ በሙሉ ፍጥነት ሲያስጮህ፣ ወይም ማሽኑን በየ30 ደቂቃው ሲያጠፋ ማየት የተለመደ ነው። ይህ ግን ከጊዜ በኋላ ሊታረም የሚችል ጉድለት ነው። በተቆለፈ ዲስክ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን የመጀመሪያው ይዘት ካልተቀመጠ የሚታረም አይደለም። ለባልደረባዬ የሰጠሁት መልስ ቺፑ እስኪነበብ ድረስ ማንም አንዲት ባይት አይጽፍበትም የሚል ነበር።

ንባቡ

ጥፋቱን ቺፑ ላይ ከመለጠፌ በፊት የ3.3 ቮልት መስመሩን በመልቲሜትር ለካሁ፣ ራሙን ቀየርኩ፣ አምራቹ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ያዘጋጀውን የኪቦርድ ቁልፎች ጥምረትም ፍላሽ ዲስክ ሰክቼ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። አንዱም ለውጥ አላመጣም። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ዋናውን ባትሪ ከቦርዱ አላቅቄ፣ በመስመሮቹ ላይ የቀረ ኃይል እንዲፈስ ማብሪያውን ለጥቂት ጊዜ ተጭኜ ያዝኩት። የሰዓቱን ትንሽ ባትሪ ግን ሆን ብዬ አልነካሁትም። በእንዲህ ያለ ጉዳይ የማሽኑን ሁኔታ የሚለውጥ ማንኛውንም ነገር፣ የግድ እስካልሆነ ድረስ፣ ባለበት መተው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ማንበቢያው መሣሪያም ሳልናገር አላልፍም። ሲኤች341ኤ በሚባለው ቺፕ የተሠሩት በየቦታው የሚገኙት ጥቁር ፕሮግራመሮች (ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያዎች) ለቺፑ ኃይል 3.3 ቮልት እየሰጡ በመረጃ መስመሮቹ ላይ ግን 5 ቮልት የሚያወጡ መሆናቸው የታወቀ ነው። ቺፑ ብዙውን ጊዜ ይችለዋል፤ «ብዙውን ጊዜ» የሚለው ቃል ግን አንድ ብቻ ላለው ነገር አይበቃም። የምጠቀምበት መሣሪያ መስመሮቹም ወደ 3.3 እንዲወርዱ የተስተካከለ ነው፤ ከማገናኘቴ በፊትም በእያንዳንዱ እግር ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለካሁ። በ1.8 ቮልት የሚሠሩ የዚህ ቺፕ ዘመዶች ስላሉም፣ በጀርባው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ስም እስከ መጨረሻው ፊደል በማጉያ አነበብኩት።

በመጀመሪያ የሞከርኩት ቺፑን ከቦርዱ ሳላነሣ በክሊፕ ማንበብ ነበር። መሣሪያው የቺፑን መለያ ኢኤፍ 40 18 ብሎ በትክክል አነበበ፤ ስለዚህ ግንኙነት አለ። ነገር ግን ሦስት ጊዜ አንብቤ የሦስቱን ፋይሎች የሻ-256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ሳወጣ ሦስቱም ተለያዩ። ፋይሎቹን ባይት በባይት ሳወዳድራቸው ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሺዎች በሚቆጠር ቦታ ተበትኗል። የዚህ ምክንያት በብዛት የሚታወቅ ነው፦ ፕሮግራመሩ ለቺፑ የሚሰጠው ኃይል በዚያው መስመር ወደ ቦርዱ ይፈስና ሌሎቹን ክፍሎች በከፊል ይቀሰቅሳቸዋል፤ ቺፕሴቱም በእነዚያው መስመሮች ላይ ድምፁን ያሰማል። ሽቦውን አሳጠርኩት፣ የንባቡንም ፍጥነት ቀነስኩት፤ ልዩነቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ያልተስማሙ ንባቦች ይዞ ወደ መጻፍ መሄድ በዚህ ሥራ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ቺፑን ከቦርዱ ለማንሣት ወሰንኩ።

በዙሪያው ያሉትን ጥቃቅን ክፍሎች ሙቀት በሚችል ቴፕ ሸፈንኩ፣ እግሮቹን ፍላክስ ቀባሁ፣ በሆት ኤር ቀስ እያልኩ አሙቄ ብየዳው ሲቀልጥ በወረንጦ ብድግ አደረግሁት። እግሮቹን አጽድቼ በፕሮግራመሩ ሶኬት ላይ አስቀመጥኩትና አምስት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ከቦርዱ ጋር ምንም ንክኪ የለውም፤ አምስቱም አንድ ይሆናሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆኑ፤ ሁለቱ ግን ተለዩ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ የሶኬቱ ግንኙነት ነበር። ቺፑን አንሥቼ እግሮቹን እንደገና በአልኮል አጸዳኋቸው፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ አነበብኩት። ልዩነቱ አሁንም አለ። ፋይሎቹን ሳወዳድር ግን ከ16,777,216 ባይት ውስጥ የሚለያዩት ሦስት ብቻ ሆኑ፤ ሦስቱም በአንድ ገጽ ውስጥ ናቸው፤ በየንባቡም እነዚያው ሦስቱ ናቸው። የተበላሸ ግንኙነት ቦታ አይመርጥም። ይኸኛው መርጧል።

ያን ቦታ ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም፣ በሄክስ ማሳያ፣ ከፈትኩት። ከገጹ በላይ ያለው ሁሉ በቁጥር የታጨቀ ነው፤ ከገጹ በታች እስከ ክፍሉ መጨረሻ ድረስ ኤፍኤፍ፣ ኤፍኤፍ፣ ኤፍኤፍ ብቻ ይወርዳል። የቆጠርኩት እንዲህ ነበር፦ በአንድ 64 ኪሎባይት ክፍል ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 23 ገጾች ሙሉ በሙሉ ተጽፈዋል፤ 24ኛው በመጻፍ ላይ ነበር፤ የቀሩት 232 ገጾች፣ ማለትም 59,392 ባይቶች፣ ጠፍተው ሳይጻፍባቸው ቀርተዋል። መብራቱ የጠፋው 24ኛው ገጽ ላይ ቢቶቹ ከ1 ወደ 0 በመውረድ ላይ ሳሉ ነው። አንዳንዶቹ ወርደው አልቀዋል፤ አንዳንዶቹ አልጀመሩም፤ ጥቂቶቹ ደግሞ መሐል ላይ ቆመዋል። ቺፑ እነዚያን መሐል የቆሙትን አንድ ጊዜ 1፣ አንድ ጊዜ 0 ብሎ ያነባቸዋል። እስክሪብቶው ቃሉን ሳይጨርስ ከወረቀቱ የተነሣበት ቦታ ይኸው ነበር።

ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ የኃይል መቋረጥ ያመጣውን ጉዳት በውጤቱ አውቀዋለሁ እንጂ እንዲህ በቦታው አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ይህ አይታይም ነበር፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ አሻራቸው ሲለያይ ሶኬቱን ብቻ ወቅሼ ባልፍም እንዲሁ። ሦስቱ ባይቶች ለጥገናው ራሱ አያስፈልጉም፤ ያ ገጽ መተካቱ አይቀርምና። ነገር ግን ከእነሱ ውጭ ያለው ሁሉ በየንባቡ አንድ መሆኑ የቀሩትን 16,777,213 ባይቶች ያለጥርጣሬ እንዳምናቸው አደረገኝ።

ቀጣዩን እርምጃ ከመውሰዴ በፊት ፋይሎቹን ሁሉ፣ የተለያዩትንም ጭምር፣ የቺፑን ሙሉ ስም፣ የማሽኑን ሞዴል፣ ቀኑንና አሻራቸውን ከጎን መዝግቤ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ በቅጂ ላይ ነው።

የትኛው እትም?

ፋይሉን የባዮስ ፋይሎችን በሚመረምረው ፕሮግራም፣ በዩኢኤፍአይ ቱል፣ ስከፍተው ጉዳቱ ያረፈበት ቦታ ግልጽ ሆነ። መግለጫው ደኅና ነው። በኔትወርኩ ክፍል ያለው የማክ አድራሻ በማሽኑ ሥር ከተለጠፈው ጋር አንድ ነው፤ የክፍሉም የማረጋገጫ ድምር ትክክል ነው። የማኔጅመንት ኤንጂኑ ክፍል አልተነካም። ቅንብሮቹና ቁልፎቹ ያሉበት ቦታም እንዲሁ። የተጎዳው የባዮሱ ትልቁ የታመቀ ክፍል ነው፤ የታመቀ መረጃ ደግሞ ከመሐሉ ጥቂት ባይት ሲጎድልበት የጎደለችው ብቻ ሳትሆን ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ አይፈታም።

ይህ ማሽኑ ያሳይ የነበረውን ምልክትም አብራራልኝ። ፕሮሰሰሩ ሲነሣ የመጀመሪያ ትእዛዙን የሚያነበው ከ4 ጊጋባይት አድራሻ ወሰን 16 ባይት ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ ነው፤ ያ ቦታ በቺፑ ላይ የመጨረሻው ጫፍ ነው። ማሻሻያው ገና እዚያ አልደረሰም ነበርና የማስነሻው ኮድ እንዳለ አለ። ስለዚህ ማሽኑ ይነሣል፣ ፋኑን ያዞራል፣ የመጀመሪያ ሥራውን ይሠራል፤ የታመቀውን ክፍል ሊፈታ ሲሞክር ያቅተውና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከተጎዳው ክፍል በፊት 37 ባለ 64 ኪሎባይት ክፍሎች በአዲሱ እትም ተተክተዋል፤ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ የድሮው እትም ነው። ማሟላት የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው፦ አዲሱን እስከ መጨረሻ መጨረስ ወይም ድሮው ወደነበረበት መመለስ። ባልደረባዬ አዲሱን መረጠ፤ የተጀመረው እሱ ስለሆነ። እኔ የመረጥኩት ድሮውን ነው፤ ምክንያቱም ዲስኩ ነው። ቲፒኤሙ የቢትሎከርን ቁልፍ የሚለቀው ማሽኑ ሲነሣ የሚወሰዱት መለኪያዎች (የኮዱና የቅንብሩ አሻራዎች) ቁልፉ በታሰረበት ጊዜ ከነበሩት ጋር ሲገጥሙ ነው። ሴኪዩር ቡት በበራበት ማሽን መለኪያው በአብዛኛው በሴኪዩር ቡት ቁልፎች ላይ ይመሠረታል፤ ይህ ባልሆነበት ቦታ ግን የፈርምዌሩ ኮድ ራሱ ይለካል፤ እትሙ ከተለወጠም የ48 አሃዙ ቁጥር ይጠየቃል። በዚህ ማሽን ላይ የትኛው እንደሆነ ከመገመት ይልቅ ሁለቱንም ድሮ እንደነበሩ መመለስ ይሻል ነበር። የሴኪዩር ቡት ቁልፎቹ በእጄ ባለው ፋይል ውስጥ አሉ፤ ኮዱን ደግሞ ከአምራቹ ማግኘት ይቻላል።

የድሮው እትም ቁጥር ካልተነካው የቺፑ ክፍል ላይ በግልጽ ይነበባል፤ አምራቹም ያን እትም ለማውረድ አስቀምጦታል። የአምራቹ ፋይል ግን እንዳለ ወደ ቺፕ የሚጻፍ አይደለም። የራሱ መግቢያና የማሻሻያ ፕሮግራም ተጨምሮበት ስለሚመጣ መጠኑ ከባዮሱ ክፍል ይበልጣል፤ በውስጡም የኔትወርክና የኤንጂን ክፍል የለም። እንዲሁ እንዳለ ቺፑ ላይ የጻፉ ሰዎች ማሽን ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣልኝ አይቻለሁ። መግቢያውን ቆርጬ በትክክል 10,485,760 ባይት የሆነውን የባዮስ ክፍል አወጣሁ። ትክክለኛው መሆኑን ያረጋገጥኩት በስሙ ብቻ አይደለም፦ ማሻሻያው ካልደረሰበት የቺፑ ክፍል ጋር ሳወዳድረው፣ ቅንብሮቹና ተከታታይ ቁጥሩ ካሉበት ቦታ በቀር፣ ባይት በባይት ገጠመ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ ከአምራቹ ፋይል የወሰድኩት አዲሱ እትም የነካቸውን 37 ክፍሎችና የተቆረጠውን 1 ክፍል ብቻ ነው፤ በድምሩ 2,490,368 ባይት። የቀሩት 14,286,848 ባይቶች የማሽኑ የራሱ ናቸው። ሙሉውን የባዮስ ክፍል መተካት ይቀል ነበር፤ ማሽኑም ይነሣ ነበር። ነገር ግን ተከታታይ ቁጥሩና የዊንዶውሱ ቁልፍ ይጠፋሉ፣ የሴኪዩር ቡት ቁልፎቹም ወደ ፋብሪካው ይመለሳሉ፤ ፋብሪካው ካስገባቸው በኋላ በየጊዜው የታከለባቸው ስለሚጎድልም መለኪያው አይገጥምም። የአምራቹን ኮድ ሳልነካ ስለመለስኩትም ፊርማውን የሚመረምረው የማስነሻ ጥበቃ እንቅፋት አልሆነም። የተዘጋጀውን ፋይል ከመጀመሪያው ንባብ ጋር አንድ ጊዜ ደግሜ አወዳደርኩት፤ ልዩነቱ ሁሉ በእነዚያ 38 ክፍሎች ወሰን ውስጥ ነበር።

ጽሕፈቱና መነሣቱ

የጻፍኩት በመጀመሪያው ቺፕ ላይ አይደለም። ያው ዓይነት አዲስ ቺፕ አመጣሁ። ቺፑ 100,000 ጊዜ መጥፋትና መጻፍ እንዲችል የተሠራ ስለሆነ ድሮው ደክሟል ብዬ አልሰጋሁም። ሐሳቤ ሌላ ነበር፦ የምሠራው ነገር ቢከሽፍ፣ የያዝኳቸው ፋይሎች ሁሉ እንኳ ባልታሰበ ምክንያት ቢጠፉ፣ ዋናው ምንጭ ሳይነካ እንዲቀመጥ ፈለግሁ።

አዲሱን ቺፕ አጠፋሁ፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩ፣ ጻፍኩበት፣ መልሼም ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አሻራው ከፋይሉ ጋር አንድ ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጨርሳል። ነገር ግን ቺፑ ከይዘቱ ውጭ የራሱ የሁኔታ መዝገቦች አሉት፤ የመጻፍ ጥበቃውና መረጃን በአራት መስመር የማስተላለፍ ፈቃዱ በእነሱ ላይ ነው፤ እነዚህ ከፋይሉ ጋር አብረው አይገለበጡም። በታኅሣሥ ወር 2017 እ.ኤ.አ. ኡቡንቱ 17.10 የተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ለጊዜው ከማውረጃ ገጹ እንዲወገድ የተደረገው፣ ከከርነሉ (ከሥርዓቱ እምብርት) ጋር የመጣ አንድ ድራይቨር በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ቺፑን ከመጻፍ እንዲቆለፍ ስላደረገው ነበር፤ የባዮሱ ይዘት ደኅና ሆኖ ሳለ ቅንብሮችን ማስቀመጥ አልተቻለም። ስለዚህ የሁለቱን ቺፖች መዝገቦች አነበብኩ። የመጻፍ ጥበቃው በሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ የአራት መስመሩ ፈቃድ ግን በድሮው ላይ በርቶ በአዲሱ ላይ ጠፍቷል። እንደ ድሮው አበራሁት።

ቺፑን በየድኩት፤ እግሮቹ እርስ በርስ አለመነካካታቸውን በማጉያ አይቼ በመልቲሜትርም ፈተሽኩ። ኤስኤስዲውን ግን አልመለስኩትም። ማሽኑ መጀመሪያ ያለ ዲስክ እንዲነሣ ፈለግሁ፤ ማንነቱ ሳይረጋገጥ ዊንዶውስ እንዲነሣበት አልፈለግሁም። ማብሪያውን ተጫንኩ። ፋኑ ዞረ፣ ጠፋ። ያው የድሮው ምልክት መስሎኝ እጄን ወደ ቻርጀሩ ስዘረጋ እንደገና ተነሣ፤ ራሙን እየለካ ሊሆን ስለሚችል ጠበቅሁ። ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ የአምራቹ ምልክት ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ወደ ባዮሱ ማውጫ ገብቼ አንድ በአንድ አየሁ። ተከታታይ ቁጥሩ ከሥሩ ከተለጠፈው ጋር አንድ ነው፤ የማክ አድራሻው አንድ ነው፤ ሴኪዩር ቡት በርቷል፤ ቲፒኤሙ አለ፤ የእትሙም ቁጥር የድሮው ነው። ምንም ሳልለውጥ፣ ምንም ሳላስቀምጥ ወጥቼ አጠፋሁት።

ኤስኤስዲውን የመለስኩት የማሽኑ ባለቤት ባሉበት ነው። የመልሶ ማግኛውን ቁጥር የሚጠይቀው ሰማያዊ ገጽ ይመጣል ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። አልመጣም፤ የዊንዶውሱ መግቢያ መጣ። የይለፍ ቃላቸውን ራሳቸው ጻፉ፤ የሥራ ፋይሎቻቸው በቦታቸው ነበሩ። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «እንዳይጠፋብኝ አሁኑኑ ቅዳልኝ» አሉኝ። ወደ ውጭ ዲስክ ቀዳንላቸው፤ የ48 አሃዙን ቁጥርም አትመን ሰጠናቸው።

ባትሪው ተቀየረ። ቢትሎከር ለጊዜው ታገደ፤ አዲሱ እትም ከመጀመሪያው እንደገና ተጫነ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ችግር አለቀ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኜ ቺፑን በሶፍትዌር ለማንበብ ሞከርኩ፤ እንደጠበቅሁትም የወጣው የባዮሱ ክፍል ብቻ ነበር። መግለጫው የኤንጂኑን ክፍል ለዊንዶውስ አያስነብብም። ይህን የምጠቅሰው እንዲህ ያለውን ፋይል ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ አድርገው የሚያስቀምጡ ሰዎች ስላሉ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ዲስኩን የከፈተው ያ ፋይል የማይዘው ክፍል ነበር። ሙሉ ቅጂ የሚገኘው በፕሮግራመር፣ በቀጥታ ከቺፑ ሲነበብ ነው።

የንባቡን ፋይሎች ሁሉ፣ ከአሻራቸው ዝርዝር ጋር፣ ለባለቤቱ ሰጠኋቸው፤ ለሌላ ሰው እንዳያጋሩትም ነገርኳቸው። የዊንዶውስ ቁልፋቸው፣ ተከታታይ ቁጥራቸውና የማክ አድራሻቸው ሁሉ በውስጡ አለና።

የመጀመሪያውን ቺፕ ስታቲክ በማያስገባ ትንሽ ከረጢት አድርጌ፣ ቀኑንና አሻራውን ጽፌበት አብሬ አስረከብኩ። ከማስረከቤ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ በሶኬቱ ላይ አስቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱ ባይቶች አሁንም አልተስማሙም።